ለስለናት የተያዘው ወንበር

በዚህ ጉዞ ውስጥ ያለነው ሰዎች ብዙ አይደለንም። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ታከለ እባላለሁ፣ ደባርቅ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ፊደል የቆጠርኩት ክርና ቁልፍ ተጠቅልሎበት በሚመጣ ጋዜጣ ነው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ እንጉዳይ ናት፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ከደጃፍ አልፋ አልሄደችም፣ ጉዞው ግን የእሷ ነው። ሦስተኛዋ ልጃችን ስለናት ናት፤ ጎንደር ላይ፣ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ እሳት እንዴት እንደሚነድና ቤት እንዴት እንደሚሞቅ ታጠናለች፣ ታሠለጥናለች። አራተኛው ከማል ነው፤ ከድሮ የጎንደር ነጋዴ ቤተሰብ የወጣ ልጅ፣ በዚያው ቤተ ሙከራ መለኪያዎቹን የሚጠብቅ። አምስተኛው ሾፌሩ ደሳለኝ ነው፤ አንድ ቀን ወደ ጎንደር ይወርዳል፣ እዚያው አድሮ በማግስቱ ንጋት ወደ ደባርቅ ይመለሳል።

የተነሣሁት ልጄን ላመጣ ነው። የደባርቅ የቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተማሪ ፈልጎ እሷን መርጧል፤ ረቡዕ ከምሳ በፊት ቀርባ ካልፈረመች ቦታው ለተከታዩ ይሰጣል። በስልክ «እሺ አባዬ፣ እመጣለሁ» ብላለች። የቀራት አንድ የምድጃ ፈተና ነው፤ ማክሰኞ ከሰዓት ትጨርሰዋለች፣ ረቡዕ ንጋት አብረን እንወጣለን። ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር።

ማክሰኞ ንጋት፣ ደባርቅ

የታኅሣሥ ውርጭ ሜዳውን ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎታል። መናኸሪያው ውስጥ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ቆሟል፤ የሚታየው ዓይን ብቻ ነው። በብብቴ ሥር አንድ ጥቅል ይዣለሁ። ለስለናት የሰፋሁት ካፖርት ነው፤ ወፍራም ሱፍ፣ ገበሩ ድርብ፣ ለደባርቅ ብርድ የሚሆን። ልኳን አልጠየቅኋትም። አባት የልጁን ልክ አይጠይቅም ብዬ በማውቀው ቆረጥኩት።

ከቤት ስወጣ እንጉዳይ በሩን ተደግፋ እንዲህ ብላኝ ነበር፦

«የጋቢና ወንበር አስይዝላት። ከኋላ ከተቀመጠች ያስመልሳታል።»

«እሷ እኮ አድጋለች።»

«ሆዷ አላደገም።»

እናም ለደሳለኝ ነገርኩት። «ነገ ስትመለስ የጋቢናውን ሁለቱን ወንበር ለእኔ ያዝ።»

«ሁለት? አያ ታከለ፣ በዚህ ዕድሜህ ሙሽራ ልታመጣ ነው እንዴ?»

«ልጄን ነው።»

«ያቺ እሳት የምታነደዋን?»

«የምታጠናዋን።»

«የእኔ ሚስት ሳታጠና ታነደዋለች!» አለና ተሳፋሪውን አሳቀው። እኔ አልሳቅሁም። ሰው በማያውቀው ሥራ ላይ ሲቀልድ ዝም ማለት ነው የሚሻለው፤ ቀልዱ ሲያልቅ ሥራው እዚያው ይቆያል።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ኮሶዬ

ዳባትን፣ ገደብዬን፣ አምባ ጊዮርጊስን አልፈናል። በየመንገዱ ዳር የገብስ ክምር፣ አውድማ ላይ የሚሽከረከሩ በሬዎች፣ በአቧራ የተለወሱ ሰዎች። ሁለት ቦታ ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ልጅ ጥቅሌን ፈትቶ ካፖርቱን አገላብጦ አየና «ሸጋ ስፌት ነው አያ፣ የማን ነው?» አለኝ። የልጄ ነው ስለው እንደነበረ አጥፎ መለሰልኝ። ደንብ ያለው ልጅ ነው፤ እናቱ አሳድጋዋለች።

ኮሶዬ ሁሉም መኪና ይቆማል። ቅቅል ድንች በአዋዜ፣ አንድ ሳህን ሃምሳ ብር። ጾም ስለሆነ ከዚያ የሚሻል የለም። ከመንገዱ ባሻገር ገደሉ ይወርዳል፤ ከሥር ያለው አገር ገና በጥላ ውስጥ ነው፣ በየሣር ቤቱ ጣራ ላይ ሰማያዊ ጭስ ተኝቷል።

ስለናት ሕፃን ሳለች ዓይኗን ለሐኪም ላሳያት ስወርድ እዚህ ቆመን ነበር። አዝያት ቁልቁል ስታይ ቆየችና «አባዬ፣ ቤቶቹ እየተቃጠሉ ነው?» አለችኝ።

«አይ። ሰው ስላለባቸው ነው።»

«ሰው ካለ ይጨሳል?»

«አዎ፣ ሰው ካለ ይጨሳል።»

ያኔ ትክክለኛ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ ግን ለዓይኗ ጠብታ ሰጥቶ «ከጭስ አርቋት» አለኝ። በደባርቅ ብርድ ልጅን ከጭስ ማራቅ ማለት ከእሳት ማራቅ ነው፤ ከእሳት ማራቅ ደግሞ ለውርጭ መስጠት ነው። ይህንን ለሐኪሙ አልነገርኩትም። ድንቼን በልቼ ተሳፈርኩ።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ጎንደር፣ ቤተ ሙከራው

ከመናኸሪያ በባጃጅ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄድኩ። ቤተ ሙከራው ከትልልቆቹ ሕንፃዎች ጀርባ ያለ ረጅም ቤት ነው። በሩን ሲከፍቱት የባሕር ዛፍ ጭስ ይሸታል፣ ግን ጭስ አይታይም። ግድግዳውን ተከትለው ምድጃዎች ተደርድረዋል፦ የሸክላ፣ የላሜራ፣ የጡብ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሦስት ጉልቻ። ሦስቱ ጉልቻ ምን ይሠራል ብዬ ስጠይቅ «ሌላው ሁሉ ከእሱ ጋር ነው የሚነጻጸረው» አሉኝ። ከግድግዳው ወዲያ ብረት ይቀጠቀጣል፤ ከዳባትና ከደባርቅ የመጡ ወጣቶች ላሜራ ማጠፍና ሸክላ መደልደል ይሠለጥናሉ።

ስለናት መጣች። ጋዋኗ በእሳት ብልጭታ ተበሳስቷል፣ ቅንድቧ ጫፉ ላይ ተለብልቧል። ሦስት ጊዜ ስማኝ ትከሻዬ ላይ ቆየች። ካፖርቱን አለበስኳት። አንገቱ ልክ ነው፣ ቁመቱም ደኅና ነው፣ ትከሻው ግን አልዘጋ አለ። እንጨትና ምድጃ ስታነሣ ሰፍታለች።

«ጠበበኝ፣ አባዬ።»

«ልክሽ ነበር።»

«ነበር» አለችና ሳቀች። እኔ ስፌቱን አየሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ሳይነግረኝ የሄደ ነገር እንዳለ ያወቅኩት በዚያች በትከሻዋ ነው።

ከማል ወንበር አቀረበልኝ። «አያ፣ እዚህ ይቀመጡ፤ ከእሳቱ አጠገብ ነው፣ ይሞቅዎታል። የዛሬው ምድጃ ለእናንተ አገር የተሠራ ነው። ያበስላል፣ ቤቱን ያሞቃል፣ ጭሱን በቧንቧ ወደ ውጭ ያወጣል።»

ፈተናው እንዲህ ነው። እንጨቱ እኩል እኩል ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ተመዝኖ ይቀመጣል። የተለካ ውሃ በድስት ይጣዳል። ቀዝቃዛው ምድጃ ይለኮሳል፤ ውሃው እስኪፈላ ይነዳል፣ ከፈላ በኋላ ደግሞ በትንሽ እሳት ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። በላዩ እንደ ጃንጥላ የተደፋ ላሜራ የሚያመልጠውን ጭስ እየሳበ ወደ መለኪያ ይወስደዋል። በመጨረሻ የተረፈው ፍም ይመዘናል። አንድ ምድጃ ሦስት ጊዜ ይፈተናል፤ ሦስቱንም ጊዜ እሳቱን የሚነካው አንድ እጅ ብቻ ነው። የዛሬው ሦስተኛው ነው።

«ለምን አንድ እጅ?» አልኩት ከማልን።

«ሁለት ሰው አንድ ዓይነት እሳት አያነድማ። እጅ ከተለወጠ፣ የለካነው ምድጃውን ይሁን ሰውየውን በምን እናውቃለን?»

ለልብስ ሰፊ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ ሸሚዝ ሁለት ሰው ከሰፋው ክሩ ይናገራል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰምቼ፣ ገብቶኝ፣ ራሴን ነቅንቄ ነው የሆነው የሆነው። ውሃው ፈልቶ እሳቱ እንዲለሰልስ ተደርጓል። ከማል የጭሱን መስመር በሚያሳየው መለኪያ ላይ አፍጥጧል። ስለናት ሚዛኑ ዘንድ ጀርባዋን ሰጥታ ትጽፋለች። እሳቱ ወረደ፤ አንዱ ጉማጅ ከሌላው ተለይቶ ብቻውን መጨስ ጀመረ። በእኛ አገር እሳት ዳር የተቀመጠ ሽማግሌ እሳቱ ሲሞት ዝም ብሎ አያይም። ዝም ካለ ወይ ታሟል፣ ወይ የቤቱን ሰው ንቋል። ከሙቀቱ የበላ እሳቱን ይቆሰቁሳል፤ ይህ ስንወለድ ያገኘነው ሥርዓት ነው። ጎንበስ ብዬ ጉማጁን ወደ ውስጥ ገፋሁት፣ ከተመዘነው ክምርም አንድ እንጨት ጨመርኩበት። እጄን አራግፌ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ደስ አለኝ እንኳ።

«ስለናት!» አለ ከማል። «ምን ጨመርሽ? መስመሩ ወጣ!»

«ምንም አልነካሁም።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እየሞተ ነበር።»

ከማል ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተውና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ስለናት አልሳቀችም። ድስቱን አየች፣ እሳቱን አየች፣ እኔን አየች። «አባዬ... እንዲሞት እኮ ነው የምንፈልገው» አለች በቀስታ። ከዚያ እሳቱን አወጣችና በአመድ አፈነችው። የዕለቱ ፈተና ተሰረዘ። ምድጃው ሌሊቱን ቀዝቅዞ እንደገና መጀመር ያለበት ነገ ጠዋት ነው። ነገ ጠዋት ደግሞ እኛ መንገድ ላይ ነን።

ማክሰኞ ምሽት፣ ቀሐ

በቀሐ ሰፈር የተከራየችው ክፍል ጥምቀት ከሚከበርበት መጠመቂያ ቅጥር ብዙ አይርቅም። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ መጻሕፍት፣ በሩ ሥር የታሰረ ሻንጣ። ሻንጣውን ሳየው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

መብራት ስለጠፋ ሽሮውን በከሰል ሠራችው። እየበላን እንጉዳይ ደወለች፤ ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው። «አልጋሽን አንጥፌዋለሁ። ያንን ሰማያዊውን ብርድ ልብስ ነው ያደረግሁልሽ።» ስለናት «እሺ እማዬ፣ እሺ» አለች። ስልኩን ዘጋች።

«ፈተናውስ?» አልኳት።

«ሌላ ሰው ይመደባል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሦስቱንም ይደግመዋል።»

«መቼ?»

«ሰው ሲገኝ።»

«ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ልጆችስ?»

«ያልተፈተነ ምድጃ ሠርታችሁ ሽጡ አይባሉም። ይጠብቃሉ።» ሳህኑን አነሣች። «አባዬ፣ ይህን ተወው። እመጣለሁ ብያለሁ፣ እመጣለሁ። ቃል ምን እንደሆነ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

እውነቷን ነው። ልጄን ሁለት ነገር አስተምሬአታለሁ። አንደኛው፣ የተናገሩትን መፈጸም። ሁለተኛው፣ አንድ እጅጌ የቀረው ልብስ ከሱቄ አይወጣም የሚለው፤ ባለቤቱ ቢለምን፣ ሠርግ ቢቀርበት፣ አይወጣም። ሁለቱ መንገድ ላይ ሲጋጠሙ የትኛው እንደሚያልፍ ግን አላስተማርኳትም። አስተማሪው ራሱ አያውቀውም ነበር።

ረቡዕ ንጋት

ሻንጣውን እሷ ያዘች፣ ጥቅሉን እኔ። ባጃጁ መጥቶ ቆመ። ስለናት ቀድማ ገባች። ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ተቀምጣለች፤ ሕፃን ሳለች መርፌ ሲወጓት የምትቀመጠው እንደዚያ ነበር።

«ወዴት ነው፣ መናኸሪያ?» አለ ባለባጃጁ።

«ዩኒቨርሲቲ» አልኩት።

ስለናት ዞረች። «አባዬ፣ ደሳለኝ ይሄዳል እኮ።»

«ይሂድ።»

«እስከ ምሳ ካልደረስን...»

«ሰማሁ። እጅጌው ቀርቷል።»

ሻንጣውን ከጉልበቷ አውርዳ ከእግሯ ሥር አደረገችው። ለደሳለኝ ደወልኩ። «ወንበሮቹን ለሰው ስጥ» ስለው «ሙሽራዋ እምቢ አለች?» አለኝ። «የሙሽራዋ አባት ነው እምቢ ያለው» አልኩት።

ረቡዕ ጠዋት፣ ቤተ ሙከራው

ከማል ሲያየን መለኪያዎቹን ማስነሣት ጀመረ። የእኔን ወንበር ግን ከእሳቱ አንሥቶ መስኮቱ ዘንድ ወሰደው። ስለናት ካፖርቱን ከመርፌና ከክር ጋር ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ትከሻውን ፍታው» አለችኝ።

«አያ፣ እጅዎ ሥራ ይዟል?» አለ ከማል ከወዲያ።

«ይዟል።»

«አልሐምዱሊላህ!»

እሳቱ ተለኮሰ። እኔ ስፌት እየፈታሁ ልጄን አየኋት። እንጨቱን ስትከት አትጣደፍም፤ ጫፉን ታስገባለች፣ ትጠብቃለች፣ ደግሞ ትንሽ ትገፋለች። የእሳቱን ድምፅ ታዳምጣለች። ቤት ሳለች ከእሳት አጠገብ ዓይኗ እንባ ሳይሞላ አይቻት አላውቅም፤ ዛሬ ፍሙን ፊት ለፊት እያየችው ዓይኗ ደረቅ ነው። ይህን ሳይ መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

ውሃው ከፈላ በኋላ እሳቱ ለሰለሰ፣ ወረደ። ጉማጁ እንደ ትናንቱ ብቻውን መጨስ ጀመረ። ከሩቅ ሆኜ ስፌቴን መፍታት ቀጠልኩ። በዚያው መካከል አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ስታይ አየኋት። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ደባርቅ ላይ አንድ ሰው ወረቀት ዘግቶ ለምሳ እየወጣ ነው። ሰዓቱን አየች፣ እሳቱን አየች፣ እጇ ግን ቦታውን አልሳተም።

ከማል ፍሙን መዝኖ፣ ቁጥሮቹን ከቀደሙት ሁለት ፈተናዎች ጋር አስተያይቶ «ተስማሙ» አለ። ግድግዳውን በጡጫ ሁለቴ መታው። ከወዲያ መቀጥቀጡ ቆመ፣ ከዚያ ወጣቶቹ በመዶሻ ላሜራውን እንደ ከበሮ መቱት። ስለናት ጓንቷን አውልቃ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እማዬ ትቀየመኛለች?»

«እኔን ነው የምትቀየመው።»

ካፖርቱን አለበስኳት። ዘጋ። «ይህ ለጎንደር ይበዛል» አለች።

«ምድጃውን ዳባት ልትተክዪ ስትወጪ ልበሽው።»

ሐሙስ ደሳለኝን ስጠብቅ ዋልኩ። አመሻሹ ላይ ስለናት ክንዴን ይዛ በመጠመቂያው ቅጥር ዙሪያ አስዞረችኝ። ለጥምቀት ውስጡን ይጠርጋሉ፤ ውሃ የለውም፣ ደረቅ ድንጋይና ቅጠል ነው። «ስትመጣ ሞልቶ ታየዋለህ» አለችኝ። መምጣት አሁን የእኔ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ዓርብ፣ የመመለሻው መንገድ

የተፈተነ ምድጃ ለፈተና አይመለስም። ብርድ አገር ቤት ውስጥ ስንት ክረምት እንደሚችል እንዲታይ ለእኛ ቤት ተሰጠ፤ ከማልና ስለናት እስከ መናኸሪያ ተሸክመው አመጡት። ደሳለኝ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ሙሽራዋ ይቺ ናት?»

«ጣራ ላይ አትጭናትም፤ ሸክላዋ ይሰነጠቃል።»

«እንግዲያ ወንበር ትከፍላለቻ! ጋቢና ናት፤ የሰው ዋጋ ነው።»

ከፈልኩ። ምድጃውን አጠገቤ አስቀመጠና በገመድ አሰረው። ስለናት በመስኮቱ እጇን አስገብታ ትከሻዬን ያዘች። መኪናው እስኪንቀሳቀስ አልለቀቀችም። እኔ ማልቀስ የማይገባው ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ገመዱን ጠበቅ ጠበቅ አደረግሁ።

ኮሶዬ ስንቆም ሳላስበው ሁለት ሳህን ድንች አዘዝኩ። ደሳለኝ አንዱን ወደ ራሱ ስቦ በላ፤ አልቀለደም። ጨዋ ሰው ኖሯል። ቁልቁል ጭሱ እንደ ድሮው በጣራዎቹ ላይ ተኝቷል።

ደሳለኝ ለምድጃው ሲል መኪናውን እስከ ቤታችን ነዳው፤ እንጉዳይ ደጃፍ ቆማ ነበር። እኔ ስወርድ እኔን አላየችም፤ በትከሻዬ ላይ አልፋ ጋቢናውን አየች፣ ከዚያ የኋላውን በር።

«ከኋላ ተቀመጠች?»

«አልመጣችም።»

«በስልክ ነግራኛለች» አለች። «ምናልባት ብዬ ነው።»

ምድጃውን ተከልነው፣ ቧንቧውን በግድግዳው አወጣነው፣ ለኮስነው። ቤቱ ሞቀ። እንጉዳይ ጉልበቷን ወደ ላሜራው አስጠግታ ተቀመጠችና እጇን ሰዳ አንድ እንጨት ገፋ አደረገች። እዚህ የሚመዝነው የለም።

ወጪው ይኸው። የእኔ መውረጃ ሦስት መቶ ብር፣ መውጫዬና የምድጃው ወንበር ስድስት መቶ። ስለናት የደባርቁን ቦታ አጣች። በእኔ እጅ የተበላሸ፣ ከማል ፊቱን አዙሮ የሳቀበት አንድ ከሰዓት። እንጉዳይ ሰማያዊውን ብርድ ልብስ እስካሁን ከአልጋው ላይ አላነሣችም። ድምር፦ ዘጠኝ መቶ ብር፣ አንድ ሥራ፣ አንድ ከሰዓት፣ አንድ የተነጠፈ አልጋ።